ረቂቁ ትእዛዝ ግዘፍ የሚነሣበት ደጅ

ከሰው መዳፍ እምብዛም በማትሰፋ በአንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ጠርዝ ላይ፣ በማኅሌት ጊዜ በቀኝና በግራ እንደሚቆሙ መዘምራን ሁለት ረድፍ ሠርተው የተሰለፉ 40 ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ። ሰሌዳዪቱ ራስቤሪ ፓይ ትባላለች፤ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ፣ ልጆች በኮምፒውተር ከመገልገል አልፈው አሠራሩን እንዲመረምሩ በሚል አሳብ ተነድፋ በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በ35 ዶላር ለገበያ የወጣች፣ መጠኗ ቢያንስም የኮምፒውተርነት ማዕርግ ያልጐደላት መሣሪያ ናት። በመጀመሪያ የነበሯት ዘንጎች 26 ሲሆኑ በ2014 ወደ 40 ከፍ ብለዋል። የሙያው ሰዎች ፒን ይሏቸዋል። ከ40ዎቹ 12ቱ ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ወይም ወደ መሬት የሚመልሱ ናቸው፤ የቀሩት 28ቱ ግን፣ ለተደራቢ ሰሌዳ መታወቂያ ከተተዉት ከሁለቱ በቀር፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ሥራቸው ያልተወሰነ ነው። ዛሬ የበርን መከፈት የሚሰማ ጆሮ፣ ነገ አምፖል የሚያበራ እጅ ሊሆኑ ይችላሉና ሁለገብ ፒኖች፣ በባለሙያዎቹ አጠራርም ጂፒአይኦ ይባላሉ።

የቀደሙት መምህራን ፍጥረትን ረቂቅና ግዙፍ ብለው ሲከፍሉ፣ ረቂቁ በዐይን የማይታይ በእጅም የማይዳሰስ፣ ግዙፉ ግን የሚታይና የሚዳሰስ መሆኑን ያስተምሩ ነበር። በዚህ አነጋገር የኮምፒውተር ፕሮግራም ከረቂቁ ወገን የሚቈጠር ነው፤ ሲሠራ የምናየው በመስተዋቱ ላይ የሚቀረጸውን ጥላውን እንጂ እርሱን ራሱን አይደለም። ፒኑ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ግን ያ ረቂቅ ትእዛዝ ግዘፍ ይነሣል፤ ‘አንድ’ ተብሎ የተጻፈው ፊደል 3.3 ቮልት ሆኖ ይወጣል፣ ‘ዜሮ’ ተብሎ የተጻፈውም ኀይሉን ይነሣል፣ በዚያም ምክንያት አምፖል ይበራል፣ ሞተር ይዞራል፣ የተቈለፈ በር ይከፈታል። የጠፋ ጽሑፍ አስቀድሞ ቅጂው ከተቀመጠበት ሊመለስ ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያደረ ውሃና ተቃጥሎ ያደረ ሞተር ግን ከየትም አይመለሱም። ሰሌዳዪቱም ራስዋ ብትሆን ከጥፋት የራቀች አይደለችም፤ ከውጭ የመጣ ሌላ መሣሪያ ወደ ዜሮ የሚስበውን ፒን ፕሮግራሙ በስሕተት ወደ ውጭ የሚናገር አድርጎ ‘አንድ’ ያሰኘው እንደ ሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ሽቦ ላይ ተጋጥመው ከሁለቱ አንዱ ሊቃጠል ይችላል።

እንግዲህ በአንዲት ሰሌዳ ላይ፣ ከአንደኛው ፒን ጋር ሪሌ በሚባል በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ አማካይነት የጓሮ ውሃ ፓምፕ፣ ከሁለተኛው ጋር የዋናው በር ቁልፍ፣ ከሦስተኛው ጋር ደግሞ አንዲት ተማሪ ትምህርቷን የምትለማመድበት ትንሽ አምፖል ተያይዟል እንበል። አባት ፓምፑን፣ ዘበኛው በሩን፣ ተማሪዪቱ አምፖሏን ማዘዝ ይሻሉ። ጥያቄው ማን የትኛውን ያዛል የሚል ነው። ነገሩ ለቤተ ሰብ ቢነገር ቀላል ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ይህን ልዩነት እንዲያውቅ ለማድረግ ግን ብዙ ብልህ ሰዎች ከዐሥር ዓመት በላይ ደክመውበታል። የድካማቸውም ታሪክ፣ እኔ እንደማየው፣ ሰፊውን ደጅ በየጊዜው እያጠበቡ የመሄድ ታሪክ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብላ ስትከፈል ሰው ሁሉ እንደ ማዕርጉ የሚቆምበት ሥፍራ ተለይቶለት፣ ወደ መቅደስ ግን ካህናትና ዲያቆናት ብቻ እንደሚገቡ ሁሉ፣ የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰርም የሚሠራው ሥራ በማዕርግ የተለየ ነው። እኛ የምንጽፋቸውና የምንገለገልባቸው ፕሮግራሞች በውጨኛው ክፍል ይቆማሉ፤ ፒኑን፣ ዲስኩን፣ የኔትወርኩን መሣሪያ በቀጥታ የሚነካው ግን ከርነል የሚባለው የሥርዐተ ክወናው እምብርት ብቻ ነው። ውጭ የቆመው ፕሮግራም አንዳች ነገር ቢፈልግ ከርነሉን ይለምናል፤ ከርነሉም በቀድሞው ዘመን በመኳንንት ግብር ላይ እንደ ነበረው አጋፋሪ፣ የመጣው ማን እንደ ሆነ ይመረምርና ወይ ያስገባዋል ወይ ይመልሰዋል። ራስቤሪ ፓይ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራበት ሥርዐተ ክወና ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ሲሆን፣ የአጋፋሪነቱን ደንብ የወረሰው ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ከ1969 ጀምሮ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ካዘጋጁት ከዩኒክስ ነው።

የዩኒክስ ደንብ እጅግ ጥቂት በሆነ ነገር ብዙ መሥራቱ ዘወትር ያስደንቀኛል። በመጀመሪያ፣ መሣሪያ ሁሉ እንደ ፋይል ስም ተሰጥቶት እንዲጠራ ያደርጋል፤ የሚያነብ ከመሣሪያው ይሰማል፣ የሚጽፍ መሣሪያውን ያዛል። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለቤትና አንድ ቡድን ይመድብና፣ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለቀረው ሕዝብ የማንበብን፣ የመጻፍንና የማስኬድን ፈቃድ ለየብቻ ይወስናል፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ነውና በዘጠኝ ምልክቶች ነገሩ ሁሉ ያልቃል። ከነዚህ ዘጠኝ ምልክቶች በላይ የሆነ፣ ቍጥሩ ዜሮ፣ ስሙም ሩት የተባለ አንድ ተጠቃሚ አለ። ለእርሱ የማይከፈት ደጅ የለም።

ችግሩም የተወለደው ከዚህ ከሩት ላይ ነው። በመጀመሪያዪቱ ራስቤሪ ፓይ ላይ የነበረው ቢሲኤም 2835 የተባለው ቺፕ በጠቅላላው 54 ሁለገብ መስመሮች ሲኖሩት፣ የእያንዳንዳቸው ጠባይ የሚወሰነው በማስታወሻው አድራሻ ውስጥ በተመደቡ ሦስት ሦስት ቢቶች ነው። አንድ ፕሮግራም ወደነዚያ ቢቶች ለመድረስ በዚያን ጊዜ የነበረው አቋራጭ መንገድ፣ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ በሞላ ወለል አድርጎ የሚያሳየውን የሜም ፋይል መክፈት ነበር። በዚያ ፋይል የገባ ሰው ፒኑን ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ የሌሎች ፕሮግራሞች ምሥጢር፣ የይለፍ ቃላት፣ የከርነሉም የራሱ አካል ሁሉ በፊቱ ይዘረጋል። ስለዚህ ሜም ፋይል ለሩት ብቻ የተፈቀደ ሆነ፤ መሆንም ነበረበት። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ወጣ። ተማሪዪቱ ትንሿን አምፖሏን ለማብራት የግድ ሩት መሆን አለባትና፣ በየትእዛዙ ራስ ላይ ሱዶ የሚለውን ቃል እየጻፈች ሙሉ ሥልጣን ለብሳ ትሠራ ጀመር።

ሱዶ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በ1980 ገደማ በኒው ዮርክ ግዛት በበፋሎ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈው፣ ሰው ዘወትር ሩት ሆኖ እንዳይቀመጥ፣ ነገር ግን በተፈለገ ጊዜ ለአንዲት ትእዛዝ ብቻ ሥልጣን ተውሶ እንዲመልስ ተብሎ ነው። ነገር ግን የአምፖል ማብራት ትምህርት ሁሉ በሱዶ በጀመረ ጊዜ፣ የተውሶው ልብስ የዕለት ልብስ ሆነ፤ ተማሪው ሥልጣኑን የሚጠይቀው ስለሚያስፈልገው መሆኑ ቀርቶ ያለዚያ ፕሮግራሙ ‘አልሠራም’ ስለሚለው ብቻ ሆነ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ልጅ በመጀመሪያው የትምህርት ቀኑ የሚይዘው ልማድ እንደ ፊደል ገበታው አብሮት ያረጃልና፣ አምፖል ሲያበራ በሙሉ ሥልጣን መሥራትን የለመደ እጅ፣ ነገ የሆስፒታል መሣሪያ ወይም የግድብ በር የሚያዝ ፕሮግራም ሲጽፍ ያንኑ ማድረጉ አይቀርም። ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1975 ባወጡት ስመ ጥር ጽሑፍ፣ ማንኛውም ፕሮግራምና ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው ጥቂቱ ፈቃድ በቀር ሌላ እንዳይሰጠው ያስተማሩት፣ አምፖል የሚያበራ ሰሌዳ ገና ባልታሰበበት ዘመን ነበር።

ደጁን ለማጥበብ ከተደረጉት ሥራዎች አንዱ ከራስቤሪ ፓይ አስቀድሞ የመጣ ነው። በ2008 የሊኑክስ ከርነል፣ ፒኖችን ሲስኤፍኤስ በተባለው የፋይል ዛፍ ውስጥ የሚያሳይ መንገድ አበጀ። አንድ ሰው ‘17’ የሚለውን ቍጥር ኤክስፖርት በተባለው ፋይል ላይ ሲጽፍ፣ ለ17ኛው መስመር አዲስ ማኅደር ይፈጠራል፤ በውስጡም አቅጣጫውን የሚወስን አንድ ፋይል፣ ዋጋውን የሚወስን ሌላ ፋይል ይገኛሉ። ውበቱ ማንም ጀማሪ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሊሠራበት መቻሉ ነበር። ጉድለቱ ግን ሦስት ፈርጅ ነበረው። ማኅደሩን የከፈተው ፕሮግራም ቢሞት እንኳ ማኅደሩ ተከፍቶ፣ ፓምፑም በነበረበት ሁኔታ ይቀራል፤ ደግሞም አንዱ የከፈተውን መስመር ሌላው ሊጽፍበት ወይም ሊዘጋው ይችላል፣ የያዘው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለምና። ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ ነው። አዲሱ ማኅደር ሲፈጠር ባለቤቱ ሩት ነው፤ ባለቤትነቱን ወደ ተገባው ቡድን የሚያዛውረው ዩዴቭ የሚባል፣ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር ደንቡን እያየ የሚመዘግብ ሌላ አገልጋይ ነው፤ እርሱም ሥራውን የሚጨርሰው ከቅጽበት በኋላ ነው። የተማሪዪቱ ፕሮግራም ማኅደሩን አስከፍቶ ወዲያው አቅጣጫውን ሊጽፍ ሲሞክር ዩዴቭ ገና አልደረሰምና ‘ፈቃድ የለህም’ ይባላል። ያንኑ ፕሮግራም ዳግመኛ ሲያስኬዱት ይሠራል። እንዲህ ያለ ስሕተት፣ ሲፈልጉት የሚሰወር ሳይፈልጉት የሚገለጥ በመሆኑ፣ ስንቱን ጀማሪ ተስፋ አስቈርጦ ወደ ሱዶ እንደ መለሰው መገመት አያዳግትም። ሁለተኛውን ጊዜ የሚሠራው ነገር የመጀመሪያውን ጊዜ ለምን እንደ ከሸፈ የሚመረምር ትዕግሥተኛ ጥቂት ነው።

በ2015 ደግሞ ከራስቤሪ ፓይ ጋር የሚሰጠው ሥርዐተ ክወና ጂፒአይኦሜም የተባለ ፋይል ይዞ መጣ። ይህ ፋይል እንደ ሜም ፋይል ማስታወሻውን ሁሉ ሳይሆን የፒኖቹን አድራሻ ብቻ የሚያሳይ ነው፤ ባለቤቱም ሩት፣ ቡድኑ ግን ጂፒአይኦ ተብሎ የተሰየመ ማኅበር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዪቱ የማኅበሩ አባል ከሆነች ያለ ሱዶ አምፖሏን ማብራት ቻለች። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር፤ ፍጹም ግን አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎች ከ54ቱ መስመሮች ከ48ኛው እስከ 53ኛው ያሉት፣ ሥርዐተ ክወናው ራሱ የተጻፈበትን የኤስዲ ካርድ የሚያገለግሉ ናቸው። የፒኖቹን አድራሻ በጅምላ ያገኘ ፕሮግራም በአንድ ስሕተት የነዚያን ጠባይ ቢለውጥ፣ ኮምፒውተሩ በቆመበት ይደርቃል። አጋፋሪው ከአዳራሹ ቢያስወጣም በወጥ ቤቱ በኩል መግባት አልቀረም ማለት ነው።

ስለ ማኅበሩ አባልነት ጥቂት ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነውና። አዲስ ተጠቃሚ በቡድን የሚጨመረው ዩዘርሞድ በተባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ ከቡድኑ ስም በፊት ‘ጨምር’ የምትለው የ‘ኤ’ ፊደል ካልገባች ትእዛዙ ተጠቃሚውን ወደ ጂፒአይኦ ቡድን አስገብቶ ከቀሩት ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ያስወጣዋል፤ ሱዶ የሚፈቅድለት ቡድንም ከነዚሁ አንዱ ነውና ሰውዬው ስሕተቱን የሚያርምበትን ሥልጣን ጭምር ያጣል። አባልነቱም የሚጸናው ተጠቃሚው ወጥቶ ዳግመኛ ሲገባ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው ትእዛዙ አልሠራም ብሎ ወደ ሌላ ስሕተት ይሄዳል። ሌላው የሚያሠጋው ነገር የይለፍ ቃል ነበር። እስከ 2022 ድረስ በራስቤሪ ፓይ ሥርዐተ ክወና ውስጥ ‘ፓይ’ የሚባል፣ የይለፍ ቃሉም ‘ራስቤሪ’ የሆነ ተጠቃሚ አስቀድሞ ተፈጥሮ ይገኝ ነበር፤ ባለቤቱ ካልለወጠው ይህን የሚያውቅ እንግዳ ሁሉ በኔትወርክ ቢደርስ የፓምፑ ጌታ ነበረ። በ2022 በሚያዝያ ወር አዘጋጆቹ ያን ተጠቃሚ አስቀርተው ባለቤቱ ራሱ ስምና ቃል እንዲያወጣ አደረጉ። አሥር ዓመት መዘግየቱ ቢያስቈጭም መልካም አድርገዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን በ2016፣ የከርነሉ ቍጥር 4.8 በደረሰ ጊዜ የመጣው ነው። ሊነስ ቫላይ ይመራው በነበረው፣ ፒኖችን በሚያስተዳድረው የከርነሉ ክፍል፣ ፒኖቹ በቺፕ በቺፕ ተለይተው ጂፒአይኦቺፕ የሚል ስም ባላቸው የመሣሪያ ፋይሎች እንዲጠየቁ ሆነ። በዚህ ሥርዐት ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ ‘17ኛውን መስመር ስጠኝ፣ ወደ ውጭ እናገርበታለሁ’ ብሎ ስሙን አስመዝግቦ ይለምናል፤ ከርነሉም መስመሩ ነጻ ከሆነ ይሰጠዋል፣ በሌላ እጅ ከተያዘ ግን ‘ሥራ ላይ ነው’ ብሎ ይመልሰዋል። የያዘው ፕሮግራም ሲጨርስም ሆነ በድንገት ሲሞት ከርነሉ መስመሩን መልሶ ይረከባል። እንግዲህ ባለቤት የሌለው ፒን፣ ሁለት ጌታም ያለው ፒን የለም። ሲስኤፍኤስን እያስቸገረ የኖረው የዩዴቭ መዘግየትም በዚህ ቀርቷል፤ የመሣሪያው ፋይል ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንድ ጊዜ ተፈጥሮ ቡድኑ አስቀድሞ ይሰየማልና። ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል፦ ከርነሉ መስመሩን ቢረከብም፣ የተለቀቀው ፒን ወደ ዜሮ መመለስ አለመመለሱ እንደ ቺፑ አሠራር የሚለያይ ነው። ስለዚህ ፓምፕን የመሰለ ነገር ያያያዘ ሰው፣ ፒኑ ወደ ውጭ መናገሩን በተወ ጊዜ ሪሌውን የሚያጠፋ ሬዚስተር በሽቦው ላይ እንዲያኖር እመክራለሁ። ሶፍትዌር ሊምለው ከማይችለው መሐላ ከፊሉን ሬዚስተር ይፈጽመዋል።

አንድ ቋጠሮ ግን አልተፈታም ነበር። ዘጠኙ ምልክቶች የሚጻፉት በፋይሉ ላይ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ የቺፑ በሞላው ነው። ጂፒአይኦቺፕን እንድትከፍት የተፈቀደላት ተማሪ 17ኛውን ብቻ ሳይሆን በሌላ ያልተያዘውን ማናቸውንም መስመር ልትጠይቅ ትችላለች፤ አባት ፓምፑን ያላዘዘበት ሰዓት ካለ ፓምፑ ለእርሷ ክፍት ነው። ይህን ቋጠሮ የፈታው በ2020 ከርነሉ 5.8 ላይ ሲደርስ የገባው፣ ሄርት ኡይተርሁቨን የጻፈው አሰባሳቢ ነው። አሰባሳቢው የተመረጡ መስመሮችን ከነባሩ ቺፕ ያወጣና እንደ አዲስ፣ ራሱን የቻለ ቺፕ አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ አዲሱም ቺፕ የራሱ ፋይል፣ የራሱ ባለቤትና የራሱ ቡድን ይኖረዋል። እነሆ የቤተ ሰቡ ጥያቄ በዚህ መልስ አገኘ፦ የፓምፑ መስመር ለአባት፣ የበሩ ለዘበኛው፣ የአምፖሉ ለተማሪዪቱ በየፋይሉ ተለይቶ ሲሰጥ፣ ዘጠኙ ጥንታውያን ምልክቶች አንድ ፊደል ሳይጨመርባቸው ለእያንዳንዱ ፒን ይበቃሉ። ሌላም መንገድ አለ፤ ቺፑን አንድ የታመነ አገልጋይ ፕሮግራም ብቻ እንዲይዘውና ሌሎቹ በእርሱ በኩል እንዲለምኑ ማድረግ ነው፤ ‘ፓምፑ ከአንድ ሰዓት በላይ አይሠራም’ የመሰለ ሕግ ለሚያሻው ቤት ይህ ይሻላል፣ ከርነሉ እንዲህ ያለውን ሕግ አያውቅምና።

በ2023 አምስተኛዪቱ ራስቤሪ ፓይ ስትወጣ ፒኖቹ ከዋናው ፕሮሰሰር ወጥተው አርፒ 1 ወደተባለ ሌላ ቺፕ ተዛወሩ። የማስታወሻውን አድራሻ በቃላቸው ይዘው፣ አጋፋሪውን ሳይጠይቁ በቀጥታ ይጽፉ የነበሩት የታወቁ ላይብረሪዎች አድራሻው ባዶ ሆኖባቸው በአዲሲቱ ሰሌዳ ላይ መሥራት አቃታቸው። በጂፒአይኦቺፕ በኩል ይለምኑ የነበሩት ግን፣ የቺፑ ቍጥር በመጀመሪያ ከ0 ወደ 4 ከመለወጡ በቀር፣ እንደ ቀድሞው ሠሩ።

ስለዚህ ይህን ትምህርት በየትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ተማሪው የመጀመሪያዪቱን አምፖል ከማብራቱ አስቀድሞ የአንድ ክፍለ ጊዜ እኩሌታ ወስዳችሁ፣ የመሣሪያው ፋይል ባለቤት ማን፣ ቡድኑስ ማን እንደ ሆነ በገዛ ዐይኑ እንዲያይ፣ በገዛ እጁም ራሱን በቡድኑ እንዲያስገባ አድርጉት፤ ሱዶ የሚለውን ቃልም፣ ለዚህ ለአባልነቱ ሥራ ካልሆነ በቀር፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አውጡት።